ለጀማሪ የመረጠ ዋስ ነው

«ለዚህ ኮምፒውተር ምን ይጫንበት?» የምትለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩዋት የቴክኒሺያን ጥያቄ ናት። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ተብሎ በአንድ ቃል ተመልሳ የምታልቅ ትመስላለች። እኔ ግን ባሌ ውስጥ፣ ሮቤና ጎባ ላይ፣ ይህችኑ ጥያቄ የተለያዩ ሰዎች ሲጠይቋት ከሰማሁ በኋላ የሥነ ምግባር ጥያቄ ናት ብያለሁ። ምክንያቱም ጠያቂው መልሱን አመዛዝኖ የሚቀበልበት ዕውቀት የለውም፤ ቢኖረውማ መቼ ይጠይቅ ነበር? የተባለውን አምኖ ይወስዳል። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ይህ ነው፦ የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ሰው ሲመርጥለት ምን ዕዳ ይገባል?

ጥያቄዋ የበረታችው ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ማይክሮሶፍት በወሩ በ4ኛው ቀን (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው) ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥበቃ አቆመ። ለተመዘገበ ሰው አንድ ዓመት የሚያራዝም መንገድ ቢያበጅም ቀጠሮ ማስረዘም እንጂ መፍትሔ አይደለም። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲሁ ተሰናብተዋል። የአሁኑን የሚለየው ተተኪው ዊንዶውስ 11 በር ላይ የሚፈትሽ መሆኑ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ካላሳያችሁት አያስገባም። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ይህን ፈተና አያልፉም። ማሽኑ ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ግን «አርጅቷል» ተብሏል። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ኮምፒውተር ግን ጉልበቱ ሳይከዳው በደብዳቤ ጡረታ ይወጣል።

ይህ ደብዳቤ ሮቤ ሲደርስ ሌላ ትርጉም አለው። እዚህ ብዙው ኮምፒውተር ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ተጠቅሞበት የላከው ነው። «ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለሰሚው ስድብ ይሆንበታል። ስለዚህ ሰው ማሽኑን አቅፎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

ጥገና ቤት ያለው መልስ የታወቀ ነው። አንድ ሥራውን የሚወድ ወጣት ቴክኒሺያን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሰው የሚፈልገው ሳይቸገር መሥራት ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 7 እጭንለታለሁ፣ ሒሳቤን እቀበላለሁ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። ሊኑክስ ብጭንለት በማግሥቱ ተመልሶ ይጨቀጭቀኛል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ይህን ልጅ ሌባ ብዬ ላልፈው አልፈልግም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ የሚሠራው ሕግን የሚጥስ ነው። ግን «ሕግ ይከለክላል» ማለት ብቻውን ሮቤ ላይ ማንንም አሳምኖ አያውቅም። የሩቁ ባለጸጋ ኩባንያ ስንት ተጎዳ ከማለት ይልቅ እዚሁ አጠገባችን ያለ ማን ተጎዳ ብንል ይሻላል።

የተጎዳውን አንዱን አውቀዋለሁ። ተመራቂ ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያስተይብ ከርሞ፣ ማስረከቢያው ሲቃረብ ሊያሳትም ፍላሹን ሲሰካ ማኅደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠበቀው። ከቤቱ ኮምፒውተር የተጋባ ቫይረስ ነው። የጨነቀው ሰው የሚያደርገውን አደረጉለት፤ ፍላሹን ፎርማት አደረጉት። ቫይረሱ ጠፋ፣ የወራት ሥራውም አብሮ ጠፋ። የሚያሳዝነው ጽሑፉ በመጀመሪያ አለመጥፋቱ ነው። ያ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አይበላውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ የዊንዶውስን መደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር የማይቆጥር ሊኑክስ ያለበት ላይ ቢሰኩት ኖሮ ሥራው ሁሉ ተዘርግቶ ይታያቸው ነበር።

ጥፋቱ የማነው? ተማሪው በአንድ ፍላሽ ብቻ መተማመን አልነበረበትም። ባለሱቋ ጥበቃ የሌለው ማሽን ላይ የሰው ሥራ ማስቀመጥ አልነበረባትም፤ ግን ጥበቃ እንደሌለው ማን ነገራት? ቴክኒሺያኑ ዊንዶውስ አለ፣ ዊንዶውስ መጣ። ስክሪኑም እንደ ድሮው ነው። የተነገራት ሁሉ እውነት ነው፤ ያልተነገራት ግን በሩ መቀርቀሪያ እንደሌለው ነው። ሰይጣኑን የሚያውቀው ቴክኒሺያኑ ነው፤ እሷ አታውቀውም። ተረቱ ያኔ ፈረሰ። «የሚያውቁት ሰይጣን» የሚባለው የሚያውቁት ሲሆን ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሌላኛው መካሪ ብቅ የሚለው። እሱም ወጣት ነው፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሊኑክስን የሚወድ። የሚለው ሐሰት የለበትም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበትና ሊያባዛው የሚችል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። በእሱ ላይ የተገነቡት ብዙ ናቸው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ መሥራችነት ተጀመረ፤ ከ2005 እስከ 2011 ድረስም ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ሊኑክስ ሚንት በ2006 ተከተለ። የሚንት ማውጫ እንደ ዊንዶውስ በግራ በኩል ከታች ስለሆነ የለመደ እጅ ብዙ አይደናገርም። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት 2 ጊጋ ባይት ራም ባለው ማሽን ይነሳል፤ 4 ካገኘ ደግሞ ደህና አድርጎ ይሠራል። ከዚያ በታች ለሆነው አንቲኤክስ የሚባል አለ፤ ብዙዎች የተዉትን ባለ 32 ቢት ማሽን ሳይቀር ያስነሳል። ደስ የሚለው ሳይጭኑ መሞከር መቻሉ ነው። ፍላሽ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ልክ ነው። የዚህ መካሪ ጥፋት ሌላ ነው፤ የሚመርጠው የሚወደውን ነው፤ ከመረጠም በኋላ ጭኖት ይሄዳል። ቅዳሜ ይጭናል፣ ሰኞ አዲስ አበባ ይገባል። ማክሰኞ ፕሪንተሩ እምቢ ሲል ባለሱቋ ማንን ትጥራ? ሠፈር ያለው ቴክኒሺያን «ይኼን እኔ አላውቀውም፣ ፎርማት ላድርገው» ይላታል። ፎርማት ይደረጋል፤ ክራኩ ይመለሳል። ያውም አሁን «ሊኑክስ የሚባለው አይሠራም» ከሚል ምስክርነት ጋር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ አንባቢ ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። ሥዕሉ ያምራል፣ አስተማሪው ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛው ይፈሳል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ እጅ ሲያወጡለት አያይም። ያልገባው ተማሪ ሳይገባው ትምህርቱ ያልፋል። ዝግጅቱን የመረጡት ሰዎች ተማሪውን ሳይወዱት ቀርተው አይመስለኝም። ከሩቅ ሆነው ሲመርጡ የታያቸው የትምህርቱ ጥራት ነበር፤ ያልታያቸው የተጠያቂው አለመኖር ነው። ጭኖ የሚሄደው መካሪም በትንሹ ፕላዝማ ነው።

እንግዲህ «ለጀማሪ ቀላል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የቅለት መኖሪያው ስክሪኑ ነው እንላለን። ምልክቱ ትልቅ ከሆነ፣ ቀለሙ ካማረ፣ ሦስቴ በመጫን የሚያልቅ ከሆነ ቀላል ነው እንላለን። የባሌ ገበሬ ግን ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና አለው። በሲናናና በአጋርፋ የስንዴ አገር፣ በዓመት ሁለቴ በሚዘራበት መሬት፣ ኮምባይነር ብርቅ አይደለም። ባለ ኮምባይነሩን «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ፈረስ ጉልበቱ አይደለም የሚነግራችሁ። «የዚህኛው መለዋወጫ ይገኛል፤ መካኒኩም ሮቤ አለ» ነው የሚለው። አጨዳ ደርሶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ማሽኑ ማሳ መሐል ቢቆም የሚያድነው የፋብሪካው ዝና ሳይሆን ስልክ ሲደወልለት ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ የሚመጣው ሰው ነው። ለእሱ ቅለት ማለት ሲበላሽ ደራሽ መኖሩ ነው።

እኔም ከዚህ ተነስቼ፣ ለጀማሪ ቀላል የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጠየቅ ሰው በአቅራቢያ ያለው ነው እላለሁ። ነገር ግን በዚህ ላይ ብቆም ለቴክኒሺያኑ ፈረድኩለት ማለት ነው። «ዊንዶውስ ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ዊንዶውስ» ብሎ ያሸንፈኛል። አንድ ነገር ልጨምርበት። የሚጠየቅ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ መራጩ ራሱ ሊሆን፣ ወይም ሊያፈራ ይችላል። ከዚህ ላይ ነው የአገራችን «ዋስ» የሚለው ቃል የሚመጣልኝ። ዋስ የሆነ ሰው ዕዳውን አልተበደረም፤ ገንዘቡንም አልበላም። ግን «እኔ አለሁ» ብሏል። ባለዕዳው ሲጠፋ የሚፈለገው እሱ ነው። ለጀማሪ የመረጠ ሰውም፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ዋስ ሆኗል።

ዋስ የሆነ ሰው አፉ እንዳመጣለት አይፈርምም። መጀመሪያ የሰውየውን ኑሮ ይጠይቃል። ሦስት ሰዎችን ላንሳ፤ ሦስቱም ያላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም።

ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቅዝቃዜዋን ይዛ በተቀመጠችው ጎባ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ልጃቸው የላከላቸው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ባይት ራም አለው። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ያዩትን መጻፍ ይፈልጋሉ። «አንተ ልጅ፣ የማይነካ ነገር ብነካ አይፈነዳም አይደል?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ለእሳቸው ሚንት ይበቃል፣ ያምራልም። ዊንዶውስን ስላልለመዱ የሚያስረሳቸው ልማድ የለም። ሊብሬኦፊስ የሚባለው መጻፊያ አማርኛ ማውጫ አለው፤ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባበት ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ፊደላችን የዚህ ዓለም ዜጋ ስለሆነ አማርኛ ለመጻፍ የሚገዛ ነገር የለም። ቀሪው ጉዳይ የሚጠየቀው ሰው ነው። ጎረቤታቸው ያለች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ከሰዓት በኋላ አብራን ተቀመጠች። ከእኔ ይልቅ የሚፈልጓት እሷን ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሒሳቡ በፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ለዚህ ሰው ሊኑክስ መምረጥ በሰው እንጀራ መሞከር ነው። መልሱ፣ ዊንዶውሱ ይቆይ፤ ግን ማሽኑ ከኢንተርኔት ይለይ፣ የማንም ፍላሽ አይሰካበት፣ የሒሳቡ ግልባጭ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ማኅበሩም ለአዲስ ማሽን በጀት ይያዝ ነው። ይህ ደስ የሚል መልስ አይደለም፤ እውነተኛ መልስ ግን ነው።

ሦስተኛዋ የጽሕፈት ቤቷ ባለቤት ናት፤ ከባዱም የእሷ ነው። ደንበኛዋ ሁሉ ፋይሉን በዊንዶውስ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ደብዳቤ ቁቤ ስለሆነ፣ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የትም ይከፈታል። በአማርኛ የተጻፈው አሮጌ ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ የፓወር ግእዝ ወይም የቪዥዋል ግእዝ ፎንት ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ገጹ የሚናጋበትም ጊዜ አለ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ገጽ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ «ሁሉንም ቀይሪ» አልላትም። ሁለት ማሽን አላት። አቅም ያለው በትክክለኛ ፈቃድ ዊንዶውስ ይያዝ፤ አሮጌው ላይ ሊኑክስ ይጫንና በር ጠባቂ ይሁን። የመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ እዚያ እጁ ታስሮ ይታያል፣ የተደበቀው ማኅደርም ይገለጣል፣ የሚፈለገው ፋይል ብቻ ተመርጦ ይሻገራል። ያ ተማሪ የደረሰበት ሌላው ላይ እንዳይደርስ ከሚደረገው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ጡረታ የወጣበት ሙያ ቀርቶ አዲስ ሥራ ያገኛል።

«ለምን ጎግል የሚያቀርበውን ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን አትመክርም? እሱም በነጻ ነው፣ ከሁሉም ቀላል ነው» የሚለኝ ይኖራል። ቀላል ነው፤ ኢንተርኔቱ እስካለ ድረስ። ኔትወርክ ሄዶ ሲመጣ፣ ዳታ በብር ሲለካ፣ ሥራው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በሐቅ ከተነጋገርን ሊኑክስም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ማሻሻያውና አዲስ ፕሮግራሙ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። ዘላለማዊም አይደለም። ዴቢያን የተባለው አንጋፋ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ባለ 32 ቢት ማሽኖችን መጫን አቁሟል። ነጻው ዓለምም ጡረታ ያወጣል። ዋስ የሆነ ሰው ይህንንም አስቀድሞ ይናገራል።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ልስማ። «እንዲህ ከሆነማ ማን ይረዳል? ኮምፒውተር የጫነ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ተጠሪ ከሆነ ሰው እጁን ይሰበስባል» ይባል ይሆናል። ትክክል ነው። ሮቤ ላይ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱን ማስፈራራት አያስፈልግም። ግን ዋስትና ልክ አለው። የመራጭ ዕዳ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚቀርበትን መንገር፤ የሚያገኘውን ሁሉም ይነግረዋል። ሁለተኛ፣ መመለሻውን አለመዝጋት፤ የነበረው ፋይል ሳይገለበጥ አለመደምሰስ፣ በፍላሽ ሳያስሞክሩ አለመጫን። ሦስተኛ፣ ከመሄድ በፊት በአካባቢው አንድ የሚጠየቅ ሰው ትቶ መሄድ። ሦስተኛው ሲሟላ ዋሱ ይፈታል። ዕዳው ለዘለዓለም አይደለም፤ ሌላ ሰው እስኪያውቅ ድረስ ነው።

ኡቡንቱ የሚለው ስም ከዙሉና ከሖሳ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌላው ሰው ነው እንደ ማለት ነው። እኛም የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። ፕሮግራሙን ያለ ስሙ ትርጉም የጫነ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የጫነው። ክራክ የሚጭነው ወጣትም ቢሆን ከዚህ ዕዳ ውጭ አይደለም፤ ቢያንስ «ይኼ በር መቀርቀሪያ የለውም» ብሎ ይናገር። ሰሚው አውቆ ከመረጠ ምርጫው የራሱ ነው፤ ሳያውቅ ከተመረጠለት ግን ዕዳው የመራጩ ነው።

ስለዚህ ነገ አንድ ሰው አሮጌ ኮምፒውተሩን አቅፎ «ምን ይጫንበት?» ቢላችሁ፣ ስለ ራሙና ስለ ፕሮሰሰሩ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ። «ሲያስቸግርህ ማንን ትጠራለህ?» በሉት። ዝም ካለ፣ ዝምታው እናንተን ነው የሚጠራው።